የእማማ ኦክቡን እንጆሪ

ወሰንየለሽ አድማሱን ውሸታም ናት ብሎ የሚያማት ሰው ሜልቦርን ዳር፣ ዳንደኖንግ ውስጥ አይገኝም። የምትታማው በተቃራኒው ነው። ሙሽራ "እንዴት ነኝ?" ብላ ብትጠይቃት "ቀሚሱ ጠቦሻል" ትላለች። ለቅሶ ቤት ወጡ ጨው ከበዛበት ሐዘንተኛ አለ ብላ አታልፈውም። የልጇ የያኔት አስተማሪ "ጎበዝ ተማሪ ናት" ስትላት፣ "ቤት ውስጥ ግን ሰሃን አታነሳም" ብላ አርማ የመጣች እናት ናት። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ አንድ ቀን በሁለት ቃል ዋሽታ የአንዲት አሮጊት ሴት ኑሮ ያፈረሰችው።

ያደገችው ናዝሬት ነው። አባቷ ጋሽ አድማሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ጉሮሯቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ከደንበኛ የተቀበሉትን ሱሪ ማታ አረቄ ቤት ረስተውት ይገባሉ፤ በማግስቱ የሰው ሱሪ ፍለጋ በየአረቄ ቤቱ የምትላከው ወሰንየለሽ ነበረች። "የአድማሱ ልጅ መጣች፣ ሱሪዋን ስጧት" እያሉ ይስቁባት ነበር። አባቷ ጉበታቸው አልቆ ሲሞቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነች። ከአራት ዓመት በኋላ ጌታን ስትቀበል መጀመሪያ የተሳለችው ስለት መጠጥ ያለበትን ዕቃ በእጇ ላለመንካት ነበር።

ስለቷን ሜልቦርን ድረስ ይዛው መጣች። የመጀመሪያ ሥራዋ መሃል ከተማ ቢሮ ማጽዳት ነበር፤ የገና ግብዣ በተደረገ ማግስት የወይን ብርጭቆ አላነሳም ብላ ሱፐርቫይዘሯን ግራ አጋብታዋለች። ሰውየው አለርጂ ያለባት መስሎት ጓንት አመጣላት። እሷም ጓንቱን አጥልቃ ወለሉን ብቻ ጠርጋ ሄደች። ኋላ የአረጋውያን እንክብካቤ ኮርስ ወስዳ በኤጀንሲ በኩል ሰው ቤት እየሄደች ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ጀመረች። ሥራው ተስማማት። ሽማግሌዎችም እውነት የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶባቸው ኖሮ ወደዷት።

በፈረንጆቹ 2014 መጀመሪያ ላይ ኤጀንሲው እማማ ኦክቡን የሚባሉ ኮሪያዊት ዘንድ መደባት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸው፣ ከዳንደኖንግ ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ትንሽ የሸክላ ቤት ለብቻቸው ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ዶንግሱ በአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ፐርዝ ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ደም የሚያቀጥን ክኒን ይወስዳሉ። ጭንቅላታቸው ግን እንደ ምላጭ ነበር፤ ኩራታቸውም እሱው ነበር። ወሰንየለሽ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ትመጣለች፤ አምስት ደቂቃ ከዘገየች "ባለፈው ወር አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይም ዘግይተሻል" ይሏታል። የኮሪያውያን አረጋውያን ማኅበር ውስጥ በካርታ ጨዋታ የሚያሸንፋቸው አልነበረም፤ የወጣውን ካርታ ሁሉ በቃላቸው ይይዛሉ።

የሁለቱም እንግሊዝኛ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎው ግን አንድ ቦታ ላይ አልነበረም፤ አንዷ የጠፋትን ሌላዋ ትሞላለች፣ ሁለቱም ሲጠፋባቸው በእጅ ያወራሉ። ወሰንየለሽን የቸገራት እንግሊዝኛ አንቱታ የሌለው መሆኑ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ሴት እንደ እኩያዋ መጥራት አፏ አልደፍር ሲላት ከየዓረፍተ ነገሩ ፊት "እማማ" የሚል ጨመረችበት። ኦክቡን ትርጉሙን ሲሰሙ ደስ አላቸውና ጎረቤቱን ሁሉ "እማማ በሉኝ" አሉት።

ከቤቱ ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላለት፣ እኛ አገር ቁጥቋጦ ላይ የምናውቀውን እንጆሪ የመሰለ ረዘም ያለ ጥቁር ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ነው። እማማ ኦክቡን ፍሬውን ኦዲ ይሉታል። ባላቸው ከዳንደኖንግ ገበያ ችግኝ ገዝተው የተከሉት፣ ቤቱን የገዙ ዓመት ነው።

"የእኛ አገር ቡአን ይባላል" አሏት አንድ ቀን። "ምዕራብ ባሕር ዳር ነው። ያለ ኦዲ ዛፍ ማሳ አልነበረም። እኔ የምተኛው ከሐር ትሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ቅጠል ሲበሉ ዝናብ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ይመስል ነበር። ያኔ ዋናው ቅጠሉ ነው። ፍሬውን የምንበላው እኛ ልጆቹ ነበርን፤ ምላሳችን ጠቁሮ ስንገባ እንገረፍ ነበር።"

በኋላ የሐር ዋጋ ወደቀ። ገበሬው ዛፉን እየነቀለ ሌላ ነገር ዘራበት፣ እነ ኦክቡንም ተስፋ ቆርጠው አውስትራሊያ ገቡ። እነሱ ከወጡ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የቀረው ሰው ብልሃት ያገኘው፤ ቅጠሉ ባይሸጥ ፍሬው ይሸጣል ብሎ ዛፉን መልሶ ተከለው። አሁን ኮሪያ ውስጥ ኦዲ ሲባል ቡአን ነው የሚባለው። ማርማላታው፣ ጭማቂው፣ የደረቀው፣ ፓስታው ሳይቀር ከዚያ ይመጣል። ባላቸው የኮሪያ ጋዜጣ ላይ ይህን ባነበቡ ቁጥር "ሁሉም ሲንቀው ሄድን፣ ስንሄድ ወርቅ ሆነ" እያሉ ይስቁ ነበር።

በቡአን በሰኔ የሚደርሰው ፍሬ ሜልቦርን ላይ በኅዳር መጨረሻ ይደርሳል። የዚያን ዓመት ዛፉ ፍሬ በዝቶበት ጎበጠ። ኤጀንሲው የሥራዋን ዝርዝር ያሰፈረበት ኬር ፕላን ላይ "እንጆሪ ማራገፍ" የሚል መስመር የለም፤ ወሰንየለሽ ግን ለዓርብ የተመደበውን የመስኮት ጽዳት ትታ ሥሩ አሮጌ መጋረጃ አነጠፈች፣ በመጥረጊያ እንጨት ቅርንጫፉን ነቀነቀችው። እማማ ኦክቡን ወንበር ላይ ሆነው "ያንን አይደለም፣ ቀዩን ተዪው፣ ጥቁሩን ብቻ!" ይላሉ። ፍሬው እንደ ዶፍ ወረደ። እጇ፣ ሸሚዟ፣ ጫማዋ ሐምራዊ ሆነ።

"ቶሎ በይ" አሏት። "ይሄ ፍሬ አያድርም። ጠዋት ለቅመሽው ማታ ውሃ ይሆናል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ የማታዪው።"

አጥበው፣ አንጠፍጥፈው፣ አንድ ረድፍ ፍሬ አንድ ረድፍ ስኳር እያደረጉ አረንጓዴ ክዳን ያለው ትልቅ የብርጭቆ ገንቦ ሞሉ። "መቶ ቀን" አሉ እማማ ኦክቡን ጣታቸውን አንስተው። "ከመቶ ቀን በፊት የሚከፍት ሰው የለም።" ወሰንየለሽ ጭማቂ ነው ብላ ገመተች። አልጠየቀችም። ለያኔት በላስቲክ ዕቃ ይዛላት ሄደች፣ ያኔትም ጥርሷ እስኪጠቁር በልታ ለጓደኞቿ ፎቶ ላከች።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ ረቡዕ እማማ ኦክቡን ዓይን ክሊኒክ ሄደው ወሰንየለሽ ቤቱን ለብቻዋ ታጸዳለች። ላውንድሪው ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ገንቦው ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ቀኑን ቆጠረች፤ መቶው ሞልቶታል። ጭማቂውን አጥልዬ ልቆያቸውና ደስ ይበላቸው ብላ ክዳኑን ፈታችው።

ሽታው ናዝሬት መለሳት። የአረቄ ቤቱ በር፣ "የአድማሱ ልጅ መጣች" የሚለው ሳቅ፣ የአባቷ ትንፋሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። እሷ ከሄደች በኋላ አሮጊቷ ጠንካራ መጠጥ ጨምረውበታል። በገዛ እጇ ያራገፈችው፣ ያጠበችው፣ ስኳር የነሰነሰችበት ፍሬ መጠጥ ሆኗል። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ስለት በአንድ አሮጌ መጋረጃ ፈረሰ። ደግሞም ሴትየዋ ስኳር አለባቸው፣ ደም የሚያቀጥን ክኒን ይወስዳሉ። ብቻቸውን ማታ ማታ ይጠጡ ይሆን? ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና ጸለየች። ከጸሎቷ ስትነሳ ልቧ አንድ ነገር ቆርጦ ነበር።

ገንቦውን ሲንኩ ላይ ደፋችው። ወይን ጠጅ የመሰለው ፈሳሽ እየዞረ ወረደ። ፍሬውን በጋዜጣ ጠቅልላ ቢን ውስጥ ከተተች፣ ሲንኩን በነጭ ማጽጃ ፈገፈገች፣ ገንቦውን በሙቅ ውሃ አጥባ አደረቀችና ባዶ ዕቃ የሚቀመጥበት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ ደብቆ መሥራት የእሷ ጠባይ አይደለም። እማማ ኦክቡን ግን አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ደክሟቸው፣ በሰው ተደግፈው መጡ። አልጋ ላይ አስተኛቻቸውና ለዓርብ ይሁን ብላ ወጣች።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጥፋት ነበር፣ ይቅርታ ይበቃው ነበር። ያን ዕለት ማታ ግን የረቡዕ ጸሎት ነበርና ወሰንየለሽ ምስክርነት ሰጠች። ስም ሳትጠራ፣ ጌታ እንዴት ወደዚያ ገንቦ እንደመራት፣ የአባቷን ገዳይ በእጇ እንዴት እንደደፋችው ተናገረች። አዳራሹ በእልልታና በሃሌሉያ ተናጋ። የፕሮግራም መሪው ወንድም ሞቱማ "እንዲህ ያለች እህት ስጠን" ብሎ ጸለየ። ሰው በጭብጨባ ያጸደቀለትን ነገር በማግስቱ ስሕተት ነው ማለት ከባድ ነው።

ዓርብ ስትገባ እማማ ኦክቡን ላውንድሪው ውስጥ ተንበርክከው አገኘቻቸው። ጥቁሩን ጨርቅ ይዘዋል።

"ወሰን፣ ኦዲው የለም።"

ወሰንየለሽ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። ጫማው ማሰሪያ የለውም፤ እሷ ግን ቆየችበት።

"ፈልጌ ፈልጌ..." አሉና ቀና ሲሉ ገንቦውን መደርደሪያው ላይ አዩት። ቀስ ብለው ተነሱ። አወረዱት። አሸተቱት። "ታጥቧል" አሉ። "ማን አጠበው? እኔ ነኝ ያጠብኩት?" ቆይተው ደግሞ ድምፃቸው ቀነሰ። "ዘንድሮ ሠርተነዋል አይደል? ወይስ የአምናውን ነው የማስበው? አንቺ እውነት ነው የምትናገሪው፣ ንገሪኝ። እየረሳሁ ነው?"

በዚያች ሰዓት አፏን ብትከፍት ኖሮ ሁሉም ነገር ይተርፍ ነበር። ወሰንየለሽ ግን ኤጀንሲውን አሰበች፤ የሰው ንብረት ደፍቶ ሥራ ላይ የሚቆይ የለም። ያኔትን አሰበች። አዳራሹን አሰበች። መጠጥ አይደለም እንዴ፣ ጠፍቶ ቢቀር ለእሳቸው ነው የሚበጀው ብላም አሰበች።

"እድሜ ነው" አለች።

እማማ ኦክቡን ገንቦውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ "እ" ብለው መልሰው ሰቀሉት።

በኋላ ወሰንየለሽ ከራሷ ጋር ስትሟገት "ረስተዋል አላልኩም፤ እድሜ ነው ነው ያልኩት" ትል ነበር። ይህን ሙግት ስንት ጊዜ እንደረታች እሷ ታውቃለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በሙግት ደግሞ ጭራሽ ይብሳል።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ አገኘች። የባላቸው ፎቶ፣ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ሙሉ ዓሣ፣ ፍራፍሬ፣ ከፊት ደግሞ አንዲት ትንሽ ሲኒ። የሙት ዓመታቸው ነው። እንደ ወጉ ማታ የሚደረግ ቢሆንም እማማ ኦክቡን ለብቻቸው ማታ መቀመጥ ስለማይወዱ ጠዋት ያደርጉታል። ነጭ ለብሰዋል። ሲኒው ውስጥ ሦስት ጊዜ የቀዱት ውሃ ነበር። በዚያ ጉልበታቸው ሁለት ጊዜ ሰገዱ፣ ወሰንየለሽ ደግፋ አነሳቻቸው። ከዚያ ለፎቶው በኮሪያኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ አለቀሱም።

"ምን አሏቸው?" ብላ ጠየቀች።

"ይቅርታ አልኩት። በየዓመቱ ኦዲ ጠጁን ነው የምቀዳለት። እኔ አልጠጣም፣ ቀምሼውም አላውቅ፤ ጨጓራዬ አይችለውም። የእሱ ነው። ሲሞት 'የቡአንን አፈር ባታመጪልኝ ጠጁን አትከልክዪኝ' ነው ያለኝ።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "ዘንድሮ ረስቼ ደፍቼብሃለሁ፣ ጭንቅላቴ አልቋል፣ አትቀየመኝ አልኩት።"

ወሰንየለሽ ወጥ ቤት ገብታ ንጹሑን ሰሃን እንደገና አጠበች። የምታድነው ሰካራም አልነበረም። የሞተ ባል ነበር በጥም ያስቀረችው፤ ያም ሙት አይጠጣም ተብሎ በሃይማኖቷ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ሳሎን ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወቅሁም ማለት አትችልም፤ አውቃ ነው ዝም ያለችው። ትናንት ያልተናገሩት ነገር ዛሬ ይከብዳል፣ ለነገ ደግሞ ይብስበታል፣ ይኸው ነው።

እማማ ኦክቡን ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ። መጀመሪያ ቢጫ ወረቀት መጣ። "ምድጃ ዘግቻለሁ።" "ክኒን ውጫለሁ።" "በር ቆልፌያለሁ።" ግድግዳው በኮሪያኛ ወረቀት ተሞላ። ከዚያ ምድጃውን ጭራሽ መለኮስ ፈሩ። ከዚያ ካርታ ጨዋታው ቀረ፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ግራ ቢገባኝስ አሉ። ለዶንግሱ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወሉ "ትናንት ደውዬልሃለሁ?" ይሉት ጀመር። ሐኪሙ ሰዓት ሣሉ፣ አምስት ቃል ያዙ ሲላቸው ከፍርሃት ብዛት እርሳሱን መልሰው አስቀመጡት። ወሰንየለሽ ውጪ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ታቅፋ ትጠብቅ ነበር።

ሐምሌ ላይ ዶንግሱ ከፐርዝ በረረ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወሰንየለሽን ወጥ ቤት አስቀምጦ "ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ። እውነት ትረሳለች?" አላት።

መልስ ሳትሰጥ እማማ ኦክቡን ከሳሎን ገቡ። "የኦዲውን ነገር ንገሪው" አሏት። "ገንቦውን ደፍቼ፣ አጥቤ፣ ሰቅዬ እንዳላስታወስኩት ንገሪው። ወሰን አትዋሽም፣ ዶንግሱ።"

ወሰንየለሽ አንገቷን ደፋች። ሰውየው ዝምታዋን እንደ ደግነት ቆጠረላት። የእናቱን ውርደት በአፏ ማውጣት ያልፈለገች መሰለው፤ ሲሄድ አመሰገናት።

ያን ሳምንት ወንድም ሞቱማ ዘንድ ሄዳ ምስክርነቷን መመለስ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሞቱማ ሳቀ። "ምስክርነት ማረሚያ የሚባል ፕሮግራም የለንም እህቴ" አላት። ሁሉንም ዘርዝራ ስትነግረው ግን ሳቁ ቆመ፤ አብሯት ጸለየ፤ "ለጌታ ነግረሻል፣ እሱ ይቅር ብሎሻል" አላት። ሞቱማ ክፉ አልነበረም። እሷ ግን ይህን ይዛ ከጌታ ጋር የጨረስኩትን ከሰው ጋር ለምን አነሳዋለሁ አለችና ሌላ አንድ ዓመት አደረች። ይቅርታውን ከሌላ ቦታ ተቀበለች እንጂ ከባለቤቱ ዘንድ አልደረሰችም።

መስከረም ላይ እማማ ኦክቡን በገዛ ፊርማቸው የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ማንም አላስገደዳቸውም። "ራሴን ማመን አቃተኝ፤ አንድ ቀን ቤቱን አቃጥላለሁ" ነው ያሉት። ቤቱ በተከታዩ ዓመት ተሸጠ። ወሰንየለሽ በዚያ መንገድ ስታልፍ አንድ ቀን ቤቱም አጥሩም ፈርሶ አየች። በአንዱ ቤት ፈንታ አራት ሊሠሩበት ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ግንዱ በመጋዝ ተከታትፎ፣ መንገድ ዳር ተከምሯል። ይህን ለእማማ ኦክቡን አልነገረቻቸውም። መጥፎ ወሬ መደበቅ ለምዳለች እንግዲህ።

በወር አንድ ጊዜ በእረፍቷ ቀን ትጠይቃቸዋለች። በሄደች ቁጥር እያነሱ ነው የምታገኛቸው። ሐኪሞቹ እንኳን ብዙም አልከፋም የሚሉት ጭንቅላት ነው፤ ሴትየዋ ግን ሊያምኑት አልቻሉም። "ጥርሴን ፍቄያለሁ?" ይላሉ። "ሾርባ ይጥመኝ ነበር እንዴ?" ይላሉ። በኅዳር 2016 አንድ እሑድ፣ ልትሰናበታቸው ስትነሳ እጇን ያዙና "ባሌ ስሙ ሆጁን ነው፣ አይደል? ትክክል ነኝ?" አሏት። ትክክል ነበሩ።

ቤቷ ስትገባ ለያኔት ነገረቻት። ሁሉንም። ያኔት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ስታወራ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ግን በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "እና ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?" አለች። "ለእሷ ንገሪ!" ብላ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ወሰንየለሽ በሕይወቷ ስንቱን ሰው በእውነት ስታስለቅስ ኖራለች፤ የእሷ ሰዓት ሲደርስ ከልጇ አፍ ሆነ።

በማግስቱ ለኤጀንሲው ደውላ ሺፍቷን አስቀየረችና ከሰዓት በኋላ ሄደች። በአውቶቡሱ ላይ የምትለውን ስትደረድር ነበር። ይቅርታ፤ ጥፋቴ ነው፤ ፖሊስም ቢሆን እሄዳለሁ፤ ለዶንግሱ ደውዬ እናገራለሁ። ስድብም ጥፊም ቢመጣ ለመቀበል ተዘጋጅታ ነው። እማማ ኦክቡን መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ነበሩ። እሷ አልተቀመጠችም፤ እንደቆመች ጀመረች።

"እማማ፣ የዚያን ዓመት ኦዲ... እርስዎ አልደፉትም። እኔ ነኝ የደፋሁት። ገንቦውንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። መጠጥ መሆኑን ሳውቅ ተናድጄ ደፋሁት። ሲጠይቁኝ ፈርቼ ዋሸሁ።"

አሮጊቷ አዩዋት። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ድጋሚ እንድትላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ደገመችው።

"ክዳኑ አረንጓዴ ነበር?"

"አረንጓዴ ነበር።"

"ጥቁር ጨርቅ አልብሼው ነበር?"

"አልብሰውት ነበር። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ።"

"እኔ አልረሳሁም?"

"ምንም አልረሱም፣ እማማ። አንድም ነገር አልረሱም።"

እማማ ኦክቡን ሳቁ። ወሰንየለሽ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምታ አታውቅም፤ እየሳቁ ጭናቸውን ይመታሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። በኮሪዶር የምታልፈውን ነርስ ጠርተው "እሷ ናት! እሷ ናት የደፋችው፣ እኔ አይደለሁም!" አሏት። ነርሷ ምኑም ሳይገባት ፈገግ ብላ አለፈች። ቁጣ የሚባል አልነበረባቸውም። ወሰንየለሽ ላይ የወደቀባት የዚያ ደስታ ክብደት ነው፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በእሷ እጅ ነበር።

ከወንበሩ ተነሱ። ያለ ድጋፍ ነው የተነሱት። ቁም ሣጥኑን ከፈቱና ሹራባቸውን አወጡ፣ ቦርሳቸውን ከታች ጎተቱ።

"ኅዳር አይደለም እንዴ?" አሉ። "ዛሬ ሃያ ስምንት ነው። ጥቁሩ መርገፍ ጀምሯል። ማንም አያነሳውም እኮ፤ ወፍ ይጨርሰዋል። ነይ፣ ቤት ወስደሽ አሳዪኝ፤ ቤቱ የሰው ቢሆንም ለዛፉ እንለምናቸዋለን፣ እሺ ይሉናል። አሮጌው መጋረጃ አለሽ?"

ቀኑ ሃያ ስምንት ነበር። አልተሳሳቱም።

ወሰንየለሽ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አውቶቡሱ ላይ ስትደረድር ይህኛው አልነበረበትም። ቤቱ እንደተሸጠ ያውቃሉ፤ ዛፉን ግን ማንም አልነገራቸውም። ተዉት እማማ፣ ዛሬ ይሞቃል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይም መጥቶላት ነበር።

"ዛፉ የለም፣ እማማ" አለች። "ቆርጠውታል። ቤቱንም አፍርሰውታል። ዓመት ሊሆነው ነው።"

እማማ ኦክቡን አንድ እጃቸውን ሹራቡ ውስጥ አስገብተዋል፤ ሌላው ገና ውጪ ነው። እንደዚያው ሆነው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ቁጣም ምሬትም በድምፃቸው አልነበረበትም፤ ለማወቅ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው።

"እሱንም አንቺ ነሽ?"

ዛፉን የቆረጡት ስማቸውን የማታውቃቸው የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ያን ቀን ወሰንየለሽ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሽማግሌ እያጠበች ነበር። ጎንበስ ብላ የሹራቡን ሁለተኛ እጅጌ ያዘችላቸው።

"አዎ" አለች። "እሱንም እኔ ነኝ።"